ስለ ሰላይና ስለ ደራሲ

ልብ ወለድ የሚለው ቃል በፍርድ አደባባይ ሲነገር ብዙ ጊዜ አይሰማም። በኤፕሪል 12 ቀን 2018 ዓመት በፓሪስ ከተማ የተሰየመው ችሎት ግን ዐሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን አንድ ከባድ ክስ ሲዘጋ፥ ሰብሳቢዋ ዳኛ «የታርናክ ማኅበር» ተብሎ ሲነገርለት የኖረው ነገር ልብ ወለድ እንደ ነበረ በይፋ ተናገሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ታርናክ በፈረንሳይ አገር መካከል፥ ኮሬዝ በሚባለው አውራጃ፥ በደጋ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ጥቂት የተማሩ ወጣቶች ከከተማ ወጥተው በዚያ እርሻ ይዘው ተቀመጡ፤ የመንደሩንም ሱቅ እነርሱ ያካሂዱት ነበር። በ2007 ዓመት ደራሲው ማን እንደ ሆነ ያልተገለጸ፥ «የሚመጣው ዐመፅ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፤ በሽፋኑም ላይ በደራሲ ስም ፈንታ «የማይታየው ኮሚቴ» ተብሎ ተጻፈበት። በኖቬምበር 2008 ደግሞ በአንድ ሌሊት በፈጣኑ ባቡር የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የብረት ሜንጦ ተሰቅሎ ብዙ ባቡሮች ቆሙ፤ የሞተም የቈሰለም ሰው ግን አልነበረም። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ ኖቬምበር 11 ቀን፥ ብዙ ፖሊስ መንደሪቱን ከብቦ ወጣቶቹን ያዘ። መጽሐፉን የጻፉ፥ ሜንጦውን የሰቀሉ፥ ሽብርም የሚያሰናዱ እነዚህ ናቸው ተባለ። መሪያቸው ነው የተባለው ዡልየን ኩፓ ከስድስት ወር በላይ በእስር ተቀመጠ። ክርክሩም እየተንከባለለ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ፤ በ2017 ዓመት ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት የሽብሩን ክስ ሰረዘ፤ በ2018 ዓመት ደግሞ በባቡሩ ነገር የተከሰሱት ነጻ ወጡ።

ፖሊስ ልብ ወለድ ጻፈ ከተባለ፥ ልብ ወለድ ጸሐፊ ደግሞ የፖሊስን ሥራ ቢመረምር የሚያስደንቅ አይደለም። አሜሪካዊቱ ደራሲ ወይዘሮ ሬቸል ኩሽነር በ2024 ዓመት ያሳተሙት «ክሪኤሽን ሌክ» የተባለው መጽሐፍ ይህን የሚመረምር ነው፤ በዚያው ዓመትም ቡከር ለሚባለው ለእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ታላቅ ሽልማት ከታጩት ከመጨረሻዎቹ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። ባለ ታሪኳ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ሴዲ ስሚዝ ትባላለች፤ ነገር ግን ይህ ስም የተውሶ ነው፤ እውነተኛ ስሟን አንባቢ እስከ መጨረሻው አያገኘውም። አስቀድሞ ለአሜሪካ መንግሥት ሰላይ ነበረች። አንድን ወጣት ወደ ወንጀል መርታ በማግባቷ ክሱ በፍርድ ቤት ስለ ፈረሰ ከሥራዋ ተባረረች፤ ከዚያ ወዲህ ማንነታቸውን ለማታውቃቸው ባለ ገንዘቦች ተቀጥራ ትሠራለች። አሁንም በ2013 ዓመት ወደ ፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፥ ጊየን ወደሚባለው አገር ተልካለች። በዚያ «ወፍጮው» በሚባል ስፍራ አንድ የገበሬነትን ኑሮ የመረጡ ወጣቶች ማኅበር አለ። ትልልቅ እርሻ ላላቸው ከበርቴዎች ተብሎ ሊቆፈር የታሰበውን ታላቅ የውኃ ኩሬ ይቃወማሉ። እርሷም በፍቅረኛነት በያዘችው ሰው በኩል ወደ መሪያቸው ወደ ፓስካል ባልሚ ትቀርባለች። ትእዛዟ መጀመሪያ እንድትሰማ ነው፤ ኋላ ግን እንድታደርግ፥ ይልቁንም እንድታስደርግ ሆነ። ታርናክን የሚያውቅ አንባቢ የሱቁንና የመጽሐፉን ጥላ በዚህ ውስጥ ወዲያው ያያል።

ከመስማት ወደ ማስደረግ ያለው ይህ እርምጃ የነገሩ ሁሉ ማጠንጠኛ ነው። ስለላ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። አርካዊው ኩሲ የዳዊት ወዳጅ ሳለ የአቤሴሎም ሰው መስሎ ወደ ምክር ቤቱ እንደ ገባ፥ የአኪጦፌልንም ምክር እንዳፈረሰ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ነገር ግን ኩሲ ዐመፁን አልፈጠረውም፤ የተነሣውን አከሸፈ እንጂ። ያልነበረውን ዐመፅ አስነሥቶ ኋላ «ያዝሁ» የሚል ሰላይ ከዚያ የተለየ ሰው ነው። የኤውሮጳ መንግሥታት ይህን በ19ኛው መቶ ዘመን በደንብ ያውቁት ነበር። በፌብሩዋሪ 1894 አንድ ፈረንሳዊ በለንደን አጠገብ በግሪኒች በከዋክብት መመልከቻው ቤት አቅራቢያ የያዘው ቦምብ ፈንድቶበት ሞተ። ጆሴፍ ኮንራድ በ1907 ዓመት ባሳተመው «ምስጢራዊው ወኪል» በተባለው መጽሐፉ ከዚህ ነገር ተነሥቶ፥ ቦምቡን ያዘዘው የአንድ ባዕድ መንግሥት ኤምባሲ፥ ያመጣውም የዚያው ኤምባሲ ደመወዝተኛ ሰላይ እንደ ሆነ አድርጎ ጻፈ። የተጎዳውም ከሁሉ ይልቅ ምንም የማያውቀው የሰላዩ ሚስት ወንድም ነው። የወይዘሮ ኩሽነር መጽሐፍ የዚህ መጽሐፍ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በዛሬው ዘመን ግን ሰላዩ ሰርጎ የሚገባው ቦምብ በሚያበጁ ሰዎች መካከል ብቻ አይደለም፤ ዛፍ አይቈረጥ፥ ውኃ አይበከል፥ የከሰል ጢስ ይቀነስ በሚሉት መካከልም ነው። በእንግሊዝ አገር የሆነው ከሁሉ ይልቅ በሰፊው የታወቀ ነው።

በ1968 ዓመት በቬትናም ጦርነት ምክንያት በለንደን ሰልፍ በበዛ ጊዜ፥ የከተማው ፖሊስ በሰልፈኞች መካከል ለዓመታት ተደብቀው የሚኖሩ ሰዎች ያሉበት ልዩ ክፍል አቆመ። ይህ ክፍል እስከ 2008 ዓመት ድረስ ለ40 ዓመት ቆየ። ሰዎቹ ጠጕራቸውን አሳድገው፥ አዲስ ስም ይዘው፥ አራትና አምስት ዓመት በሌላ ሰው ኑሮ ይኖሩ ነበር። ስሙ ከወዴት ይመጣል? «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የእኛ ምሳሌ ስለ መልካም ሥራ የተነገረ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ቃሉን በሌላ መንገድ ፈጸሙት። ወደ መዝገብ ቤት ሄደው በሕፃንነቱ የሞተ፥ በዕድሜ የሚመስላቸውን ልጅ ይፈልጋሉ፤ የልደቱን ቀን፥ የወላጆቹን ስም፥ የተወለደበትን መንደር ያጠናሉ፤ ከዚያም የሞተው ልጅ አድጎ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ሰው ይሆናሉ። ወላጆቹ አልተጠየቁም፤ አልተነገራቸውምም። ሰላዮቹ ይህን ዘዴ የሚጠሩበት ስም ፍሬድሪክ ፎርሳይት በ1971 ዓመት ካሳተመው «የቀበሮው ቀን» ከተባለው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ በዚያ ታሪክ ነፍሰ ገዳዩ የይለፍ ወረቀት የሚያገኘው በሞተ ሕፃን ስም ነውና። ሰላይ ከደራሲ የሚማረው ነገር እንዳለ ከዚህ ይታወቃል።

ከነዚህ አንዱ ቦብ ላምበርት ነው። በሰባት ዓመቱ የሞተ የአንድ ልጅ ስም ይዞ «ቦብ ሮቢንሰን» እየተባለ በ1980ዎቹ ዓመታት የለንደን ግሪንፒስ በሚባል ትንሽ ማኅበር ውስጥ ገባ። ይህ ማኅበር ማክዶናልድ የሚባለውን የምግብ ኩባንያ የሚነቅፍ አንድ በራሪ ወረቀት አወጣ። ኩባንያው ወረቀቱን ያደሉትን ሁለት ድኾች ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ፤ ነገሩም በእንግሊዝ አገር ታሪክ ከሁሉ የረዘመ ሙግት ሆኖ በ1997 ዓመት ተፈረደ። ወረቀቱን ከጻፉት ሰዎች አንዱ የፖሊስ ሰላይ ላምበርት እንደ ነበረ የታወቀው ግን በ2013 ዓመት ነው። ሙግቱ ሁሉ ሲሰማ ዳኛው ይህን አላወቁም። ላምበርት ከማኅበሩ ወዳጆች አንዲቱን ወድዶ መስሎ ልጅ ወለደላት፤ ጊዜው ሲደርስም ተሰወረ። እርሷም ሃያ ዓመት ያህል ቆይታ የልጇ አባት ማን እንደ ነበረ ከጋዜጣ አነበበች። ፖሊስ በ2014 ዓመት 425,000 ፓውንድ ካሳ ከፈላት።

ሌላው የፖሊስ ሰላይ ማርክ ኬነዲ ነው። ከ2003 ዓመት ጀምሮ «ማርክ ስቶን» ተብሎ በኖቲንግሃም ከተማ ተቀመጠ፤ መኪናና ገንዘብ ስላለው፥ እጁም ስላልታጠረ፥ ሁሉ ወደደው። በኤፕሪል 2009 ማኅበርተኞቹ በአቅራቢያው ወዳለው ከድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ወደሚወጣበት ታላቅ ጣቢያ ገብተው ሥራውን ሊያቆሙ በአንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ሳሉ፥ ፖሊስ በሌሊት ደርሶ 114 ሰዎች ያዘ። ከነርሱም 26 ተከሰሱ። በ2010 ዓመት ጓደኛው የነበረች ሴት በመኪናው ውስጥ እውነተኛ ስሙ የተጻፈበትን ፓስፖርት አገኘች፤ በጥቅምት ወርም ባልንጀሮቹ አስቀምጠው መረመሩት፥ አመነም። በዲሴምበር 2010 ከተከሳሾቹ 20ዎቹ ተፈርዶባቸው ነበር። የቀሩት ስድስት ጠበቆች ግን የኬነዲ ማስረጃ ይቅረብልን ባሉ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሣ። ኬነዲ በዚያች ሌሊት የተነገረውን በምስጢር በድምፅ መቅጃ ይዞት ኖሯል፤ ለተከሳሾቹም የሚረዳ ቃል ነበረበት፤ ነገር ግን ለፍርድ ቤቱ አልቀረበም። ስለዚህ በጁላይ 2011 የይግባኙ ፍርድ ቤት የሃያዎቹንም ፍርድ ሻረ። በ2021 ዓመትም ልዩ ፍርድ ቤት ኬነዲ በፍቅር ስም ያታለላት አንዲት ሴት ሰብአዊ መብቷ በመንግሥት እንደ ተጣሰ ፈረደ። ይህ ሰው ከፖሊስ ሥራ ከወጣ በኋላ እንደ ሴዲ ስሚዝ ወደ ግል ድርጅቶች ዘወር ብሎ ነበር። በታርናክ ጉዳይም የተከሳሾቹ ጠበቆች ለፈረንሳይ ፖሊስ ከደረሰው ወሬ ከፊሉ ከኬነዲ የመጣ ነው ብለው ተከራክረዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ ምክንያት በ2015 ዓመት መርማሪ ጉባኤ አቆመ። ጉባኤው በጁን 2023 ባወጣው የመጀመሪያ ቃሉ፥ ያ ክፍል የሠራበት መንገድ በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ፈጥኖ መዘጋት ይገባው እንደ ነበር ገለጸ። የሰለላቸውም ማኅበሮች ከ1,000 በላይ ናቸው።

በአሜሪካ የሆነው ግን ለወይዘሮ ኩሽነር ታሪክ ይልቅ ይቀርባል። በ2003 ዓመት በፍሎሪዳ ተማሪ የነበረች አንዲት ወጣት ሴት ለትምህርቷ ስትል በሰልፈኞች መካከል ተደብቃ ገብታ ያየችውን ጻፈች። ይህም በመንግሥት ምርመራ ክፍል ዘንድ ተሰማና ቀጠሯት። «አና» ትባል ነበር። ኤሪክ ማክዴቪድ የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት ወደዳት። እርሷም ሳትቀበለው ሳትክደውም እያቈየች ከእርሱና ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ስለ ምድር መጥፋት ታወራ ጀመር። ስለ ማፈንዳት የሚነገርበት ወረቀት በእርሷ እጅ መጣ፤ የምትነዳው መኪናና ኑሯቸውን የሚደግፈው ገንዘብ የመንግሥት ነው። የተቀመጡበት የገጠር ቤት ኪራይ የተከፈለው በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ በግድግዳውም ውስጥ መቅጃ ተሰውሮበት ነበር። ወጣቶቹ በዳከሩና በተከራከሩ ቍጥር «መቼ ነው የምንሠራው» እያለች የምትቆጣው እርሷ ነበረች። በጃንዋሪ 2006 ሦስቱ ተያዙ። ሁለቱ በደላቸውን አምነው በጓደኛቸው ላይ መሰከሩ፤ ማክዴቪድ ግን አላመነም። አንድም ነገር ሳይፈነዳ፥ አንድም ሰው ሳይጎዳ፥ በ2008 ዓመት 19 ዓመት ከ7 ወር እስራት ተፈረደበት። አናም ለሥራዋ ከ65,000 ዶላር በላይ ተከፈላት።

ኋላ ደጋፊዎቹ በሕግ መሠረት የመንግሥትን መዝገብ ጠይቀው ብዙ ወረቀት አገኙ። በዚያም ውስጥ ለጠበቃው ያልተሰጡ፥ እርሱ ለአና እርሷም ለእርሱ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች ነበሩበት። በእነርሱ ውስጥ ያለው የፍቅር ቃል ወደ ወንጀሉ የሳበው ምን እንደ ነበረ ያሳይ ነበርና፥ ዐቃቤ ሕጉ መስጠት ይገባን ነበር ብሎ አመነ። በጃንዋሪ 2015 ዳኛው ፈቱት፤ ዘጠኝ ዓመት ታስሯል። በልብ ወለዱ ውስጥ ሴዲን ከሥራዋ ያስወጣት ወጣት ታሪክ ከዚህ ጋራ እጅግ ይመሳሰላል። ልዩነቱ በልብ ወለዱ ውስጥ ፈራጆቹ ማታለሉን በጊዜው ማየታቸው ነው።

የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ ከሁሉ የባሰውን በሩቅ ባሕር ሠርቷል። በ1985 ዓመት ክሪስቲን ካቦን የተባለች የጦር መኰንን «ፍሬዴሪክ ቦንልዩ» በሚል ስም በኒው ዚላንድ አገር በኦክላንድ ከተማ ወዳለው የግሪንፒስ ቢሮ ገብታ፥ ፖስታ እያሸገች ከሠራተኞቹ ጋራ ተወዳጀች፤ የሚያስፈልገውንም ወሬ አጠናቅራ ሄደች። በጁላይ 10 ቀን ሌሊት በወደቡ የቆመው «ሬንቦ ዋርየር» የተባለው መርከብ በሁለት ቦምብ ሰጠመ። መርከቡ በሙሩሮዋ የሚደረገውን የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ሊቃወም የተዘጋጀ ነበር። ፈርናንዶ ፔሬራ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በውስጡ ሞተ። መንግሥት መጀመሪያ ካደ፤ በሴፕቴምበር ግን የጦር ሚኒስትሩ ሥራቸውን ለቀቁ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩም አመኑ። መርከቡ ስለ ታሰበበት ነገር ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ሙከራው ራሱ በ1996 ዓመት ቀረ።

ወደ መጽሐፉ እንመለስና፥ የወይዘሮ ኩሽነር ብልሃት ታሪኩን ለሰላይቱ ራሷ እንድትነግረው መስጠታቸው ነው። ሴዲ አዋቂ ናት፥ ንቀቷም የበዛ ነው፤ ማኅበርተኞቹን በየመስመሩ ታፌዝባቸዋለች። አንባቢም እየሳቀ ሳለ በሰላይ ዓይን ማየት መልመዱን ዘግይቶ ያውቃል። ይህ የመጽሐፉ ኀይል ነው፤ ነገር ግን ጉድለቱም ከዚሁ ይወጣል። ወጣቶቹ ለምን እርሻ እንደ ያዙ፥ ውኃው ለማን እንደሚገባ፥ በቅን ልብ የሚያስረዳ ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ ጥቂት ነው። ጎረቤታቸው የሆነው ገበሬ ከሰላይቱ ፌዝ በላይ ሊናገር በተገባው ነበር።

አንድ ሰው ግን ከፌዟ ያመልጣል። ብሩኖ ላኮምብ የተባለ፥ በ1968ቱ ሁከት ጊዜ ወጣት የነበረ፥ በኋላ ከሰው ርቆ በዋሻ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ለማኅበሩ ረዣዥም ኢሜል ይጽፋል፤ ሴዲም ሰርቃ ታነባለች። እርሱ ስለ ኩሬው እምብዛም አይናገርም። ኔአንደርታል ስለሚባሉት የጠፉ ሰዎች፥ ስለ ዋሻው ጨለማ፥ የሰው ልጅም መንገዱን የሳተበት ወዴት እንደ ሆነ ይጽፋል። ስለ ካጎዎችም ያነሣል። ካጎዎች በዚያው በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ለብዙ መቶ ዓመታት ተንቀው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በቋንቋም በሃይማኖትም ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም ነበር፤ ነገር ግን ከመንደር ጫፍ ይቀመጣሉ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያንም በሌላ ትንሽ በር ይገባሉ፥ የጸበሉ ገንዳም ለብቻቸው ነው። የእነዚህ ትንንሽ በሮች ምልክት በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ግንብ ላይ ዛሬም ይታያል። ሰዎቹ ግን ስማቸውን ደብቀው ከሕዝቡ ጋራ ተቀላቅለው ጠፉ። ስሟን ለደመወዝ የምትለውጥ ሴት፥ ለመኖር ሲሉ ስማቸውን ስለ ጣሉ ሰዎች በስርቆት ማንበቧ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ቀስ በቀስም ሽማግሌውን ለመስማት ብላ ማንበብ ትጀምራለች፤ ሥራዋን ግን አትተውም።

ኩሬው ራሱ ልብ ወለድ አይደለም። በፈረንሳይ ምዕራብ፥ ዶ ሴቭር በሚባለው አውራጃ፥ እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ተቈፍረዋል። በክረምት ከምድር ውስጥ በፓምፕ የተሳበው ውኃ በፕላስቲክ በተነጠፈው ታላቅ ገንዳ ይጠራቀማል፤ በበጋም በቆሎና ሌላ አዝመራ ያጠጣበታል። ባለ እርሻዎቹ በበጋ ወንዙን ከመሳብ ይህ ይሻላል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሁሉ የሆነው የከርሰ ምድር ውኃ የጥቂቶች ሆነ፥ ፀሐይም ታተንነዋለች ይላሉ። በማርች 25 ቀን 2023 በሴንት ሶሊን መንደር ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኩሬው ሲሄዱ ከ3,000 የሚበልጥ ጀንዳርም ጠበቃቸው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም በሺህ የሚቈጠር የጢስና የፍንዳታ ቦምብ ተወረወረ። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ቈሰለ፤ ከሰልፈኞቹ ሁለቱ ራሳቸውን ስተው ለሞት ደርሰው ነበር። መንግሥትም በጁን ወር «የምድር መነሣት» የሚባለውን ማኅበር በአዋጅ አፈረሰ፤ በኖቬምበር 9 ቀን ግን የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አዋጁን ሻረው።

በዲሴምበር 2024 ደግሞ በቦርዶ ከተማ ያለው የአስተዳደር ይግባኝ ፍርድ ቤት የሴንት ሶሊን ኩሬ የሚገኝበትን የአራት ኩሬዎች ፈቃድ ሕገ ወጥ ነው አለ። ምክንያቱም በሕግ የተጠበቀች፥ ቍጥሯ እያነሰ የሄደ አንዲት ወፍ በዚያ አገር በመኖሯ፥ ስለ እርሷ የሚያስፈልገው ልዩ ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። ይህች ወፍ ዛፍ ላይ አትወጣም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በእርሻው መካከል በመሬት ላይ ነው።